የልብ በር ሠሪው መሐንዲስ፤ የማይልስ ሎዌል ኤድዋርድስ የሕይወት ታሪክ

በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በማንኪራ፣ ቡና የሰው እጅ ሳይተክለው በደን ጥላ ሥር በቅሎ ይገኛል። ስለ ማንኪራ የሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ በቡና ይጀምራል፤ ይህ ምንባብ ግን የሚጀምረው በጉሮሮ ሕመም ነው። በለቀማው ወራት በጤዛ ርሶ የሚውል አንድ ልጅ ጉሮሮውን ቢያመው እናቱ ማር ታልሰዋለች፣ ትኩስ ነገር ታጠጣዋለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ይሻለውና ነገሩ ይረሳል። አልፎ አልፎ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ ጉልበቱ ያብጣል፤ እብጠቱ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ ክርን ይዘዋወራል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ነው። መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ የጉሮሮ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ባክቴሪያውን ለመከላከል የተነሣው የሰውነት ኃይል ተሳስቶ የገዛ ራሱን መጋጠሚያዎችና ልብ ይወጋል። የመጋጠሚያው እብጠት ጠባሳ ሳይተው ይጠፋል፤ በልብ ላይ የደረሰው ግን ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

ማንኪራን የጠቀስነው በሽታው በዚያ ከሌላው ቦታ በዝቶ ስለ ተገኘ አይደለም። በቦንጋ፣ በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ ያለ ተማሪ ሁሉ ይህ ሕመም ሊያገኘው ይችላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዛሬ ባለጠጋ በምንላቸው አገሮችም ልጆችን የሚፈጅ በሽታ ነበር። በዚያ ዘመን ሁለት ጊዜ ከተያዙት ልጆች አንዱ፣ በኋላ የሰው ሠራሽ ልብ ቫልቭ አባት ከሚባሉት ሰዎች መካከል ለመቆጠር የበቃው ማይልስ ሎዌል ኤድዋርድስ ነው። (በዚህ ምንባብ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤድዋርድስ በ1898 በሰሜን አሜሪካ በኦሬገን ክፍለ ሀገር፣ ኒውበርግ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ የሩማቲክ ትኩሳት ያዘው፤ ከዳነ በኋላም ተመልሶ ያዘው። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበርና ሐኪሞች ሊያደርጉለት የሚችሉት ነገር እምብዛም አልነበረም። ይሁን እንጂ በሕይወት ተረፈ። የልብ ነገር በአእምሮው ተቀርጾ የቀረው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ልብ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ልብ ደምን ወደ ሰውነት ሁሉ የሚገፋ ፓምፕ ነው። አራት በሮች አሉት፤ እነዚህም ቫልቭ ይባላሉ። የቫልቭ ሥራ ደም ወደፊት እንዲያልፍ መክፈት፣ ወደኋላ እንዳይመለስ መዝጋት ነው። የኳስ መንፊያ ወይም በየመንደሩ ያለ የውኃ ፓምፕ ያየ ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ በፓምፑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ክዳን ከተበላሸች፣ እጀታው የቱንም ያህል ቢገፋ ውኃው ተመልሶ ይወርዳል። የሩማቲክ ትኩሳት የልብን በሮች በተለይም በግራው ወገን በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለውን ሚትራል የተባለውን በር ያቆስላል። ቁስሉ ሲጠግግ በሩ ይጠብባል ወይም አልገጥም ይላል። ሰውየው ጥቂት ሲራመድ ይደክመዋል፤ ዐቀበት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ማታም ጋደም ለማለት ይቸግረዋል። ከዚያም አልፎ፣ ደም የተጠራቀመበት የልብ ክፍል ይለጠጥና ምቱ ሥርዓቱን ያጣል። የልብ ምት መዛባት የምንለው አንዱ መነሻ ይህ ነው።

ኤድዋርድስ ግን ሐኪም አልሆነም። ምሕንድስና ተማረና የፈሳሽን ግፊት በማጥናትና በመቈጣጠር ሥራ ተሰማራ። የኦሬገን ዋና ሀብት ደን ስለ ነበረ፣ በከፍተኛ ግፊት በሚወረወር ውኃ የግንድን ልጥ የሚገፍፍ መሣሪያ ሠራ። ከዚህ የበለጠ ስም ያተረፈለት ግን ለአውሮፕላን የሠራው የነዳጅ ፓምፕ ነው። አውሮፕላን እጅግ ከፍ ሲል የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ነዳጁም በቧንቧው ውስጥ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ሞተሩ ይቆማል። የኤድዋርድስ ፓምፕ ነዳጁን ከታንኩ በግፊት እየላከ ይህን ችግር አስወገደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፓምፑ በብዙ የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች ላይ ተገጠመ። በዕድሜው ዘመን ያስመዘገባቸው የፈጠራ መብቶች 63 ይደርሳሉ። ገንዘብም አገኘ፤ ስድሳ ዓመት ሲሞላውም ከመደበኛ ሥራው ተገልሎ ዕረፍት ላይ ነበር።

ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ አትክልቱን ኰትኩቶ፣ የልጅ ልጆቹን አጫውቶ መኖርን ይመርጣል፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ኤድዋርድስ ግን የልጅነት ሐሳቡን አነሣ። ልብ ፓምፕ ከሆነ፣ እርሱም ዕድሜውን ሙሉ ፓምፕ ሲሠራ ከኖረ፣ ስለምን ልብ አይሠራም? በ1958 በፖርትላንድ ከተማ በሚገኘው የኦሬገን የሕክምና ትምህርት ቤት አልበርት ስታር የተባለ ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሊያማክር ሄደ። ስታር የ32 ዓመት ሰው ነበር፤ ወደ ኦሬገን የመጣውም የልብ ቀዶ ሕክምናን እዚያ እንዲያቋቁም ነው። መሐንዲሱም ሙሉ ሰው ሠራሽ ልብ አብረው እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረበለት።

ስታር ሐሳቡን አልናቀም፤ ነገር ግን ጊዜው ገና መሆኑን አስረዳው። በዚያን ጊዜ ከልብ ክፍሎች አንዱን ብቻ እንኳ የሚተካ አስተማማኝ ነገር አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ቫልቭ እንሥራ፤ እርሱ ከተሳካ ሌላው ይከተላል አለው። በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አስተያየት የኤድዋርድስ ሕይወት ዋና መታጠፊያ ይህች ሰዓት ናት። ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ሀብትና ስም ያለው ሰው፣ ልጁ ሊሆን ከሚችል ወጣት ሐኪም ፊት ቀርቦ የብዙ ዓመት ሕልሙን ወደ አንዲት ትንሽ ክዳን ሲያሳንስበት አልተቀየመም። ተስማማና ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰ።

ከእርሱ በፊት የሞከሩ አልጠፉም። በ1925 ሄንሪ ሱታር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የአንዲት ወጣት የጠበበ የልብ በር በጣቱ ከፍቶ ነበር፤ ይሁንና የሙያ ባልደረቦቹ ደፍረው በሽተኛ ስላልላኩለት ሥራው ቆመ። በ1952 ቻርልስ ሃፍናግል በኳስ የሚዘጋ ቫልቭ ሠርቶ በዋናው የደም ሥር ላይ፣ ከልብ ውጭ አኖረ። በ1953 ጆን ጊበን ልብና ሳንባን ተክቶ ደም የሚያዘዋውር መሣሪያ በሰው ላይ ሠርቶ አሳየ። ይህ መሣሪያ ባይገኝ ኖሮ ልብን አቁሞና ከፍቶ በዝግታ መሥራት ባልተቻለ ነበር። ኤድዋርድስና ስታር የጀመሩት እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሠሩት ቫልቭ የተፈጥሮውን መልክ የተከተለ ነበር፤ እንደ ቅጠል የሚገናኙ ሁለት ክዳኖች ነበሩት። በውሾች ልብ ውስጥ ሲያኖሩት በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ደም እየረጋ ዘጋው፤ ውሾቹም ሞቱ። ደም ከባዕድ ነገር ጋር ሲገናኝ ይረጋል፤ መርጋቱ የሚጀምረውም ቫልቩ ከሥጋው ጋር በተሰፋበት ጠርዝ ላይ ነው። የረጋው ደም ከጠርዙ እየተስፋፋ ወደ ክዳኖቹ ማጠፊያ ይደርስና ያጣብቃቸዋል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች የተፈጥሮን መልክ መቅዳት ትተው የተፈጥሮን ሥራ ብቻ የሚሠራ ነገር ፈለጉ።

ያገኙት መፍትሔ አዲስ አልነበረም። በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ በጠርሙስ አፍ ላይ የሚገጠም፣ በትንሽ ቀፎ ውስጥ ኳስ የያዘ ውታፍ ተሠርቶ ነበር። የእነርሱም ቫልቭ ከታች ቀለበት፣ ከላይ እንደ ቀፎ የቆሙ ዘንጎች፣ በመካከል አንዲት የሲሊኮን ጎማ ኳስ ነበረው። ልብ ሲገፋ ኳሷ ወደ ቀፎው ትነሣለች፤ ደሙ በዙሪያዋ ያልፋል። ግፊቱ ሲያበቃ ወደ ቀለበቱ ተመልሳ በሩን ትዘጋለች። ማጠፊያ የለውምና የሚጣበቅ ነገር የለም። ውበት አልነበረውም። እንደዚህ ያለ ነገር በሰው ልብ ውስጥ ይገባል ብሎ ለማመንም የሚያስቸግር ነበር። ውሾቹ ግን ኖሩ፤ ወራት አለፋቸው፤ በግቢውም እየተሯሯጡ ይጫወቱ ጀመር።

በነሐሴ 1960 ቫልቩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንዲት ወጣት ሴት ልብ ውስጥ ተደረገ። ቀዶ ሕክምናው በመልካም ተጠናቀቀ፤ ሴትዮዋም ነቃች። ነገር ግን በልቧ ውስጥ የቀረ አየር ወደ አንጎሏ ሄደና ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሞተች። ቫልቩ አልተበላሸም ነበር፤ ለቤተሰቦቿ ግን ይህ ምን መጽናኛ ይሆናል? ስታር ከዚህ ተምሮ አየሩን ከልብ ጠርጎ የሚያወጣበትን ዘዴ አሻሻለ። በመስከረም ወር ሁለተኛው በሽተኛ፣ የጭነት መኪናዎችን ስምሪት ሲቈጣጠር የኖረ የ52 ዓመት ሰው፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ዳነ። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ኖረ። የሞተውም በልብ ሕመም ሳይሆን ቤቱን ቀለም ሲቀባ ከመሰላል ወድቆ ነው። የልብ ሕመምተኛ የነበረ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ቤት ለመቀባት መብቃቱ ስለ ቫልቩ ብዙ ይናገራል።

ኤድዋርድስ ወዲያው በካሊፎርኒያ፣ በሳንታ አና ከተማ ቫልቩን የሚሠራ ፋብሪካ አቋቋመ። የሁለት ዓመት ሥራ የመላው ዓለም ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ሆነ። ችግር አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንዳንድ በሽተኞች ውስጥ ያለችው የጎማ ኳስ ከደሙ ስብ እየመጠጠች ታብጥና ትሰነጠቅ ጀመር። ይህ ሲታወቅ የጎማው አዘጋጃጀት ተለወጠና ጉድለቱ ተወገደ። ሌላው ችግር ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት ዕድሜውን ሙሉ መውሰድ ይኖርበታል። መድኃኒቱ ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ይደማል። ስለዚህ ደሙ በየጊዜው መመርመር አለበት።

የቫልቭ ቀዶ ሕክምና በባለጠጎቹ አገሮች ሲስፋፋ በሽተኞቹም ተለወጡ። መኖሪያ ቤት ሲሻሻልና ፔኒሲሊን ሲዳረስ የሩማቲክ ትኩሳት ከልጆቻቸው መካከል ጠፋ ለማለት ይቻላል። በምትኩ ሰው ዕድሜው ሲረዝም ወደ ዋናው የደም ሥር የሚያስወጣው በር በካልሲየም እየደረቀ መጥበብ ጀመረ። እንግዲህ የቫልቭ ሕመም እዚያ የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች ሕመም ሆነ። ለእነርሱ ደግሞ የሚበጀው ሌላ ዓይነት ቫልቭ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አላን ካርፓንቲዬ ከእንስሳ አካል የተዘጋጀ ቫልቭ ሠራ፤ የኤድዋርድስ ድርጅትም ከእርሱ ጋር ተባብሮ አወጣው። ይህ ቫልቭ ዋርፋሪንን ዕድሜ ልክ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ከዐሥር እስከ ሃያ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያረጃል። ስለዚህ ሐኪሞች ከ65 ዓመት በላይ ላለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የእንስሳውን፣ ለወጣቱ ደግሞ ብዙ ዓመት የሚቆየውን የብረቱን ይመርጣሉ።

ደረታቸው ሊከፈት የማይችል ደካማ አረጋውያንም ነበሩ። በ2002 በፈረንሳይ፣ በሩዋን ከተማ፣ አላን ክሪቢዬ ቫልቩን አጣጥፎ በደም ሥር በኩል በቀጭን ቧንቧ ወደ ልብ ለማስገባት ቻለ። ውጤቱም በ2010 በታተመ ጥናት ተመዘነ። ለቀዶ ሕክምና አቅም የላቸውም ከተባሉት፣ በአማካይ ከ80 ዓመት በላይ ከሆኑት በሽተኞች መካከል በተለመደው ሕክምና ከቆዩት ከመቶ 50.7 የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሞቱ፣ ቫልቩ በቧንቧ ከገባላቸው የሞቱት ከመቶ 30.7 ነበሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ቫልቩ ከገባላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ያህል ዓመቱን አለመሻገሩን ልብ ይሏል። እርጅናን የሚተካ ቫልቭ የለም።

የምት መዛባትም መላ ተፈልጎለታል። በ1987 ጀምስ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የላይኛውን የልብ ክፍል በተወሰነ ሥርዓት ቆርጦ በመስፋት፣ የተዛባው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ እንዳይዘዋወር አደረገ። በቀዶ ሕክምናው የሚቀሩት ጠባሳዎች ለትእዛዙ እንደ ግንብ ሆነው መንገዱን ይዘጋሉ። በኋላ ይኸው ሥራ በመቁረጥ ፈንታ በሙቀት ወይም በብርድ ይፈጸም ጀመር። በ2015 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ የሚትራል ቫልቭ በሽተኞች ከቫልቩ ሥራ ጋር ይህ ሲጨመርላቸው ከመቶ 63 የሚሆኑት በስድስተኛውና በዐሥራ ሁለተኛው ወር ምታቸው ተስተካክሎ ተገኝቷል፤ ካልተጨመረላቸው መካከል ግን ይህን ያገኙት ከመቶ 29 ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ጭማሪው የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ ምት የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ በደረታቸው እንዲቀበር ያስፈለጋቸው ሰዎች ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በሞቱት ቁጥር ላይም ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በእኛ ዘንድ በሩማቲክ የልብ ሕመም የሚሠቃዩት ተማሪዎች፣ ወጣት ገበሬዎችና ወላድ እናቶች ናቸው፤ ሕክምና ካላገኙም ብዙዎቹ ለእርጅና አይበቁም። ሌላ አገር የአረጋውያን ጥያቄ የሆነው፣ ከቧንቧውና ከቀዶው የትኛው ይሻላል የሚለው ነገር፣ ለእነርሱ ገና አልደረሰም። በ1989 በዶክተር በላይ አበጋዝ አስተባባሪነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማእከል ከፈተ። እዚያም በመጀመሪያ ከውጭ በሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖች፣ በኋላም በኢትዮጵያውያን ሐኪሞች የልብ ቀዶ ሕክምና ይሰጥ ጀመር። ወረፋው ግን ረጅም ነው።

እስቲ ከማንኪራ የመጣች አንዲት ወጣት ቫልቭ ገባላት እንበል። ቀዶ ሕክምናው የተደረገላት ከቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአዲስ አበባ ነው። ከዳነች በኋላ ዋርፋሪኗን ሳታቋርጥ መዋጥ፣ ደሟንም በየጊዜው ማስመርመር አለባት። ምርመራውና መድኃኒቱ በአቅራቢያዋ ካልተገኘ፣ ትርፏ በመንገድ ላይ የሚያልቅ ጊዜና ገንዘብ ይሆናል። ብታረግዝ መድኃኒቱ ለጽንሱ አደገኛ ነው። ኤድዋርድስ የሠራት ኳስ ትሠራለች፤ በኳሷ ዙሪያ ግን መንገድ፣ ጤና ጣቢያና ላቦራቶሪ መኖር አለበት። እነዚህን የሚሠራቸው ሌላ መሐንዲስ፣ ሌላ ባለሙያ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ደግሞ የጉሮሮው ሕመም ነው። የጉሮሮ ሕመሙ ያደረበት፣ ትኩሳት ያለው ልጅ ጤና ጣቢያ ደርሶ ፔኒሲሊን ቢያገኝ ነገሩ ከመነሻው ሊቆም ይችላል። አንድ ጊዜ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ ደግሞ እንዳይደግመው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት ይወጋል። በብዙ የአገራችን ክፍሎች እንጥል ወርዷል እየተባለ የሚደረገው መቁረጥ ግን ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ደም መፍሰስንና ሌላ መመረዝን ያስከትላል እንጂ። ይህን እያወቅን ዛሬም የሚቆረጡ ሕፃናት መኖራቸው ያሳዝናል።

ኤድዋርድስ ድርጅቱን በ1966 ለአንድ ትልቅ የሕክምና ዕቃ አቅራቢ ኩባንያ ሸጠ፤ ስሙ ግን ከቫልቮቹ ጋር ቀረ። ሙሉ ሰው ሠራሽ ልብ የመሥራት ሕልሙ በእርሱ እጅ አልተፈጸመም። በ1982 በ84 ዓመቱ አረፈ። ሁለት ጊዜ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ፣ በዘመኑ ፔኒሲሊን ሳይኖር፣ ይህን ያህል ዕድሜ አገኘ። የኳሱ ቫልቭ እርሱ ከሞተ በኋላም እስከ 2007 ድረስ ይሠራ ነበር፤ ከአርባ ዓመት በላይ ያገለገላቸው ሰዎችም ተገኝተዋል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከእነዚህ ሰዎች አጠገብ የተቀመጠ ሰው፣ ኳሷ ቀለበቷን ስትመታ የምታሰማውን ድምፅ እንደ ሰዓት ምት ይሰማል።